የቃል ጥንቃቄ በስታቲስቲክስ ሳይንስ፦ የሮናልድ ኤይልመር ፊሸር ሕይወትና ያወረሳቸው ስያሜዎች

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ የእንግሊዛዊውን የስታቲስቲክስና የጄኔቲክስ ሊቅ የሮናልድ ኤይልመር ፊሸርን (1890–1962) ሕይወት ይመረምራል። ትኩረቱ ፊሸር ዛሬ በእንግሊዝኛ በሚጻፉ የምርምር ሥራዎች በየገጹ የሚገኙትን የሙያ ቃላት ለምንና እንዴት እንዳበጀ ማሳየት ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ ፊሸር ለስያሜ የነበረው ጥንቃቄ በከፊል በወጣትነቱ ከተጠቀመበት አንድ ልቅ ሐረግና ሐረጉ ካስከተለው አለመግባባት የመነጨ መሆኑ ነው። ይኸው ሰው በኋለኛው ዘመኑ ራሱ ያቆመውን የቃል ድንበር ለማለፍ ባደረገው ሙከራ እንዴት እንደተሰናከለም ይዳሰሳል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መግቢያ

አንድ የሙያ ቃል ከተራው ንግግር ሲወሰድ የቀድሞ ትርጉሙን ጥሎ አይመጣም። ስታቲስቲክስ የእንግሊዝኛን ተራ ቃላት ተውሶ ጠባብና የተወሰነ ፍቺ የሰጠ የዕውቀት ዘርፍ በመሆኑ ይህ ችግር ይበረታበታል። ላይክሊሁድ በተራው እንግሊዝኛ ከፕሮባቢሊቲ ጋር አንድ ነው፤ በስታቲስቲክስ ግን አይደለም። ሲግኒፊካንት በተራው ንግግር ጠቃሚ ወይም ትልቅ ማለት ነው፤ በስታቲስቲክስ ግን ስለ ጠቀሜታም ሆነ ስለ ትልቅነት ምንም አይናገርም። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው የሆነ ተመራማሪ እንኳ በእነዚህ ቃላት ይሳሳታል። ቋንቋውን በትምህርት ቤት ያገኘ ተመራማሪ ደግሞ ሁለት ሥራ ይጠብቀዋል፤ በመጀመሪያ የቃሉን ተራ ትርጉም ያጠናል፣ ቀጥሎም በሙያው ውስጥ ይህን ትርጉም መተው እንዳለበት ይማራል።

ከእነዚህ ስያሜዎች ብዙዎቹ የአንድ ሰው እጅ ሥራ ናቸው። ቫሪያንስ፣ ላይክሊሁድ፣ ስታቲስቲክ (በነጠላ ቁጥር)፣ ናል ሃይፖተሲስ እና ሌሎችም አሁን በሚታወቁበት ሙያዊ ፍቺ የተተከሉት በፊሸር ጽሑፎች ነው። የቃላቱን ትክክለኛ አጠቃቀም ለመረዳት ሰውዬው እያንዳንዱን ቃል ባስፈለገው ጊዜ ምን ችግር ገጥሞት እንደነበር ማየት ከመዝገበ ቃላት ፍቺ ይልቅ ይጠቅማል።

ልጅነትና ትምህርት

ፊሸር የካቲት 17 ቀን 1890 በለንደን ከተማ ኢስት ፊንችሌይ በተባለው ሰፈር ተወለደ። አባቱ በጥበብ ሥራዎች ጨረታ የታወቀ ድርጅት ባለድርሻ ስለነበሩ ቤተሰቡ በድሎት ይኖር ነበር። ይሁን እንጂ ፊሸር የ14 ዓመት ልጅ ሳለ እናቱ ሞቱ፤ ብዙም ሳይቆይ የአባቱ ንግድ ከሰረ። ከዚያ በኋላ ትምህርቱን የቀጠለው በነጻ የትምህርት ዕድል ነበር።

ዓይኑ ከልጅነቱ ጀምሮ ደካማ ነበር። በሀሮው ትምህርት ቤት ሲማር በኤሌክትሪክ ብርሃን እንዳያነብ በሐኪም ስለተከለከለ፣ የምሽቱን የሒሳብ ትምህርት ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ በቃል ይከታተል ነበር። ይህም ችግሮችን በጂኦሜትሪ ቅርጽ በአእምሮው እየሳለ የመፍታት ልማድ አሳደረበት። ልማዱ ኃይልም ጉዳትም ነበረው። ሌሎች በብዙ ገጽ አልጀብራ የሚደርሱበትን ውጤት እርሱ በአንድ እይታ ይደርስበታል፤ ለእርሱ ግልጽ የሆነው ደረጃ ግን ለአንባቢው ግልጽ ስላልነበረ ጽሑፎቹ በአስቸጋሪነታቸው ይታወቁ ነበር። በ1909 ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ ጎንቪልና ኪስ ኮሌጅ ገብቶ በ1912 በሒሳብ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ።

የ1912ቱ ሐረግ

ፊሸር በተመረቀበት ዓመት አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተመ። ጉዳዩ ከተመዘገበ መረጃ ተነሥቶ የአንድን የስርጭት ኩርባ ያልታወቁ መጠኖች መገመት ነበር። ያቀረበው መንገድ ቀላል ነው። ከሚቻሉት ዋጋዎች መካከል የተገኘውን መረጃ ለማየት ከፍተኛውን ዕድል የሚሰጠው ይመረጥ የሚል ነው። ዛሬ ይህ ዘዴ ማክሲመም ላይክሊሁድ ተብሎ የብዙ ስታቲስቲካዊ ሞዴሎች መሠረት ሆኗል። በ1912 ግን ስያሜው አልነበረም። የ22 ዓመቱ ወጣት ዘመኑ ያቀበለውን ቃል ወስዶ ሐሳቡን በ“ተገላቢጦሽ ፕሮባቢሊቲ” ስም ጠራው።

ይህ ስም ባለቤት ነበረው። ከቶማስ ቤይስና ከላፕላስ ጀምሮ ተገላቢጦሽ ፕሮባቢሊቲ ማለት ከውጤቱ ወደ መንስኤው የሚሄድ ስሌት ነው። ስሌቱ መረጃው ከመታየቱ በፊት ለእያንዳንዱ መንስኤ የሚሰጥ ቀዳሚ ዕድል ይፈልጋል። የፊሸር ዘዴ ግን ቀዳሚ ዕድል አልነበረውም። የተጠቀመበት ሐረግና ያሰበው ነገር ተለያይተው ነበር።

ዋጋው የታየው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ፊሸር በ1915 የተዛምዶ መለኪያ ቁጥር በትናንሽ ናሙናዎች ውስጥ ያለውን ትክክለኛ ስርጭት ባዮሜትሪካ በተባለው መጽሔት አሳተመ። መጽሔቱን የሚመራው የዘመኑ የስታቲስቲክስ አውራ ካርል ፒርሰን ነበር። በ1917 ፒርሰንና ባልደረቦቹ በዚያው መጽሔት ሰፊ የጋራ ጥናት አወጡ። በዚህም ፊሸር ለሁሉም የተዛምዶ ዋጋዎች እኩል ቀዳሚ ዕድል ሰጥቷል ብለው ተረድተው ነቀፉት። ፊሸር እንዲህ አላደረገም። ነገር ግን የቀድሞ ሐረጉ ለዚህ አረዳድ በር ከፍቶ ነበር። በኋላ በ1922 ባሳተመው ትልቅ ጽሑፍ ጥፋቱን በግልጽ አምኗል፤ ዘዴውን መጀመሪያ ሲያቀርብ በተገላቢጦሽ ፕሮባቢሊቲ ላይ ማቆሙ ስሕተት እንደነበር ጽፏል። ከፒርሰን ጋር የተጀመረው ቅራኔ ግን እስከ ፒርሰን ሞት ዘለቀ።

ቫሪያንስ፦ ለሚደመር ነገር የተሰጠ ስም

ከምረቃ በኋላ ያሉት ዓመታት ለፊሸር የመንከራተት ነበሩ። በለንደን በአንድ የመዋዕለ ንዋይ ድርጅት በስታቲስቲክስ ባለሙያነት ሠራ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ለመዝመት ቢያመለክትም በዓይኑ ምክንያት አልተቀበሉትም። ከ1915 እስከ 1919 በተለያዩ ትምህርት ቤቶች ፊዚክስና ሒሳብ አስተማረ። በ1917 ሩት አይሊን ጊነስን አገባ።

በዚህ ጊዜ የጻፈውና በዘመዳሞች መካከል ያለውን ተመሳሳይነት በሜንዴል የውርስ ሕግ የሚያስረዳው ጥናት በ1918 በኤድንብራ ሮያል ሶሳይቲ ታተመ። ጥናቱ ቀድሞ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ቀርቦ ነበር፤ ከገምጋሚዎቹ አንዱ ፒርሰን ነበር፤ ፊሸርም ጽሑፉን መልሶ ወሰደው። ቫሪያንስ የተሰኘው ቃል በሙያዊ ፍቺው የተተከለው በዚህ ጥናት ነው።

ለምን አዲስ ቃል አስፈለገ? ፒርሰን በ1890ዎቹ ያበጀው መደበኛ ልይይት የሚለካው መረጃው በተለካበት መለኪያ ስለሆነ ለመግለጫ ይመቻል፤ አይደመርም እንጂ። አንዱ መንስኤ ብቻውን 3፣ ሌላው ከእርሱ ነጻ የሆነ መንስኤ ብቻውን 4 መደበኛ ልይይት የሚያስከትሉ ቢሆን፣ ሁለቱ በአንድነት የሚያስከትሉት 7 ሳይሆን 5 ነው። ስኩዌራቸው ግን ይደመራል፤ 9 እና 16 ተደምረው 25 ይሆናሉ። ፊሸር ጠቅላላውን ልዩነት ለየመንስኤው ከፋፍሎ ማከፋፈል ፈልጎ ስለነበር ለሚደመረው መጠን የራሱ ስም ሰጠው።

ከዚህ የሚከተለው የአጻጻፍ ሥርዓት ግልጽ ነው። በእንግሊዝኛ ቫሪዬሽን የሚለው ልዩነት ለሚባለው ነገር ሁሉ የሚያገለግል ጠቅላላ ቃል ነው። ቫሪያንስ ግን አንድ የተወሰነ መጠን ነው። አንድ ሞዴል የውጤቱን ቫሪያንስ ይህን ያህል በመቶ ያስረዳል ብሎ መጻፍ ትርጉም አለው፤ የመደበኛ ልይይቱን ይህን ያህል በመቶ ያስረዳል ማለት ግን ስሌቱ የማይፈቅደው አነጋገር ነው።

ሮታምስትድና የ1922ቱ መዝገበ ቃላት

በ1919 ፊሸር ሁለት የሥራ ግብዣ ቀረበለት። አንደኛው ከፒርሰን ነበር። ሁለተኛው ከለንደን በስተሰሜን በሀርፐንደን ከሚገኘው የሮታምስትድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ የመጣ ጊዜያዊ ሥራ ነበር። ፊሸር በፒርሰን ሥር መተዳደርን ሸሽቶ ሮታምስትድን መረጠ። ጣቢያው ከ1843 ጀምሮ በተመሳሳይ መደቦች ላይ ስንዴ እየዘራ፣ ፍግና የኬሚካል ማዳበሪያ እየተጠቀመ የሰበሰበው መዝገብ ነበረው። አዲሱ ባለሙያ ከዚህ ክምር የሚጠቅም ነገር ይወጣ እንደሆነ እንዲመረምር ተጠየቀ። እዚያ 14 ዓመት ቆየ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁለት የቃል ሥራዎችን ፈጸመ። የመጀመሪያው በ1921 ሜትሮን በተባለው የኢጣሊያ መጽሔት የወጣው ለ1917ቱ ነቀፌታ የሰጠው መልስ ነው። በዚህ ጽሑፍ ላይክሊሁድን ከፕሮባቢሊቲ በግልጽ ለየ። ሁለተኛው በ1922 በለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የታተመው የስታቲስቲክስ ሒሳባዊ መሠረትን የሚመለከት ጽሑፍ ነው። ይህ ጽሑፍ በትርጓሜዎች ዝርዝር መጀመሩ ያልተለመደ ነበር። ፊሸር እዚያ ላይ የዘርፉ ችግር ምን እንደነበር አመለከተ፤ ለእውነተኛው ያልታወቀ መጠንና ከናሙና ለተሰላው ግምቱ አንድ ዓይነት ስም ይሰጥ ነበር። አማካይ ሲባል የሁሉም ይሁን የናሙናው በዐውድ ብቻ ይገመት ነበር።

መፍትሔው ሁለት ቃል ነበር። የጠቅላላው ስብስብ ባሕርይ የሆነው ያልታወቀ ቋሚ መጠን ፓራሜትር ተባለ፤ ከናሙናው የሚሰላው ደግሞ ስታቲስቲክ ተባለ። ይህ ሁለተኛው ቃል በነጠላ ቁጥር ለእንግሊዝኛ ጆሮ እንግዳ ስለነበር አንዳንድ የዘመኑን ሰዎች አስከፋ። ዛሬም ሦስት ፍቺዎች ይምታታሉ። ስታቲስቲክስ የዕውቀት ዘርፉ ስም ሲሆን በእንግሊዝኛ ሰዋስው እንደ ነጠላ ይቆጠራል፤ አሐዛዊ መረጃዎች ሲሆን ብዙ ቁጥር ነው፤ ስታቲስቲክ ደግሞ ከናሙና የተሰላ አንድ መጠን ነው። ልዩነቱ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ተመራማሪ የሞዴሉን ፓራሜትር አሰላሁ ብሎ ሲጽፍ የማይታወቀውን ነገር ያወቀ ያስመስላል። ያደረገው ግን ፓራሜትሩን መገመት ነው፤ በእጁ ያለው ግምት ነው፤ ግምትም ከስሕተት ወሰኑ ጋር ይጻፋል።

ላይክሊሁድና ፕሮባቢሊቲ

የፊሸር ዋነኛ ልየታ በምሳሌ ይበልጥ ይብራራል። አንድ ሳንቲም 10 ጊዜ ተወርውሮ 7 ጊዜ ዘውድ ወጣ እንበል። ሳንቲሙ ሚዛናዊ ከሆነ፣ ማለትም ዘውድ የመውጣት ዕድሉ 0.5 ከሆነ፣ ይህን ውጤት የማግኘት ፕሮባቢሊቲ ወደ 0.117 ይጠጋል። ዕድሉ 0.7 ከሆነ ደግሞ ወደ 0.267 ይጠጋል። በእነዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ሳንቲሙ ቋሚ ነው፤ ተለዋዋጩ ውጤቱ ነው። ስለዚህ ፕሮባቢሊቲ የሚለው ቃል ትክክል ነው።

አሁን እይታው ይገለበጥ። ውጤቱ ተመዝግቧል፤ 7 ከ10 ነው፤ አይለወጥም። የማይታወቀው ሳንቲሙ ነው። እነዚያው ቁጥሮች አሁን ስለ ሳንቲሙ ሲነገሩ ላይክሊሁድ ይባላሉ። ከ0.5 ይልቅ 0.7 ወደ 2.3 እጥፍ የሚሆን ላይክሊሁድ አለው። ይህ ግን ሳንቲሙ 0.7 የመሆን ፕሮባቢሊቲው 2.3 እጥፍ ነው ማለት አይደለም። ፕሮባቢሊቲ ሲደመር 1 መሆን አለበት፤ በዚህ ምሳሌ ግን ከ0 እስከ 1 ባሉት ዋጋዎች ሁሉ ላይ ያለው የላይክሊሁድ ኩርባ ስፋት 1 ሳይሆን 1/11 ነው። ላይክሊሁድ ብቻውን ፍጹም መጠን የለውም፤ ትርጉም የሚሰጠው አንዱ ዋጋ ከሌላው ሲነጻጸር ነው።

እንግዲህ ጥንቁቅ ጸሐፊ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ፕሮባቢሊቲን ለመረጃው፣ ላይክሊሁድን ለፓራሜትሩ ወይም ለሞዴሉ ይሰጣል። የማክሲመም ላይክሊሁድ ግምትን ከሁሉ የበለጠ ዕድል ያለው እውነተኛ ዋጋ ብሎ መጥራት ልክ በ1917 በፊሸር ላይ የተጫነውን ስሕተት መድገም ነው። በአማርኛም አደጋው አለ፤ ሁለቱም ቃላት “የመሆን ዕድል” ተብለው ሲተረጎሙ ፊሸር የለየው መልሶ ይቀላቀላል።

የነጻነት ደረጃዎች

በዚያው በ1922 ፊሸር ሌላ ስያሜ አጸና፤ ይኸውም የነጻነት ደረጃ ነው። ፒርሰን በ1900 ባበጀው የካይ ስኩዌር ፈተና፣ ሁለት ረድፍና ሁለት ዓምድ ላለው ሠንጠረዥ አራቱን ቤቶች ከአንድ አሳንሶ 3 ይቆጥር ነበር። ፊሸር ግን የረድፎቹና የዓምዶቹ ድምሮች ከመረጃው ከተወሰዱ በኋላ አንድ ቤት ብቻ እንደ ልብ ሊለወጥ እንደሚችል አሳየ፤ የቀሩት ሦስቱ በድምሮቹ ተወስነዋል። ስለዚህ ቁጥሩ 1 ነው። ፒርሰን አልተቀበለውም። ዛሬ በየሠንጠረዡ ግርጌ የነጻነት ደረጃ የሚጻፈው በፊሸር መንገድ ነው። በሁለቱ መካከል የነበረው ክርክር እንደሚያሳየው፣ ስም ያልተሰጠው ነገር ስንት እንደሆነ መቁጠርም ያስቸግራል።

ጉልህ የሚለው ቃል

በ1925 ፊሸር ለተመራማሪዎች የሚሆን የስታቲስቲክስ ዘዴዎች መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ የተጻፈው ለሒሳብ ሊቃውንት ሳይሆን ለእርሻና ለሥነ ሕይወት ባለሙያዎች ሲሆን በተደጋጋሚ ታትሟል። ከ20 አንድ፣ ማለትም 0.05፣ ውጤትን ሲግኒፊካንት ለማለት አመቺ መለያ መሆኑ የተስፋፋው በዚህ መጽሐፍ አማካይነት ነው። ፊሸር መለያውን አመቺ አለው እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አላለውም። በ1956 ባሳተመው መጽሐፍም ማንኛውም አስተዋይ ተመራማሪ በየዓመቱና በየሁኔታው አንድ ቋሚ መለያ ይዞ መላምትን እንደማይጥል አመልክቷል።

ሲግኒፊካንት በእርሱ አጠቃቀም ምልክት ሰጪ ማለት ነው፤ ውጤቱ በአጋጣሚ ብቻ ሊገለጽ እንደማይበቃና ተጨማሪ ትኩረት እንደሚገባው ያመለክታል። ስለ ውጤቱ መጠን ግን አይናገርም። በጣም ሰፊ ናሙና ውስጥ እጅግ ትንሽ ልዩነት ሲግኒፊካንት ሊሆን ይችላል፤ በጠባብ ናሙና ደግሞ ትልቅ ልዩነት ላይሆን ይችላል። ቃሉ በአማርኛ “ጉልህ” ሲባል ያው የእንግሊዝኛው ችግር ይከተላል፤ ጉልህ ማለት ገኖ የሚታይ ነውና። ስለዚህ ጸሐፊው ስታቲስቲካዊ ጉልህነት የሚለውን ሙሉ ሐረግ ቢጠቀምና የልዩነቱን መጠን ከጎኑ ቢያስቀምጥ አንባቢው አይሳሳትም።

የስምንት ስኒ ሻይ

በ1935 የወጣው የሙከራ አነዳደፍ መጽሐፍ ናል ሃይፖተሲስ (አልቦ መላምት) የተባለውን ስያሜ አስተዋወቀ። ፊሸር ሐሳቡን ያስረዳው በሻይ ምሳሌ ነው። አንዲት ሴት ወተት ቀድሞ የተቀዳበትን ስኒ ሻይ ቀድሞ ከተቀዳበት በጣዕም እለያለሁ ትላለች። ስምንት ስኒዎች ይዘጋጃሉ፤ አራቱ በአንዱ፣ አራቱ በሌላው መንገድ ይቀዳሉ፤ ቅደም ተከተላቸው በእጣ ይወሰናል። ከስምንት ስኒ አራቱን ለመምረጥ 70 መንገዶች አሉ። ሴትየዋ የመለየት ችሎታ ከሌላት ሁሉንም የመለየት ዕድሏ ከ70 አንድ፣ ወደ 0.014 ገደማ ነው። ከአራቱ አንዱን ብትስት ግን ሦስትና ከዚያ በላይ በአጋጣሚ የመምታት ዕድል ከ70 አሥራ ሰባት፣ ወደ 0.24 ስለሚሆን ውጤቱ ችሎታዋን አያመለክትም።

አልቦ መላምቱ ሴትየዋ ችሎታ የላትም የሚለው ነው። ፊሸር በዚህ ላይ አንድ ጥብቅ የአነጋገር ሥርዓት አኖረ፤ አልቦ መላምት በሙከራ ሊስተባበል ይችል ይሆናል እንጂ ፈጽሞ አይረጋገጥም። ሴትየዋ አንዱን ብትስት ችሎታ እንደሌላት አልተረጋገጠም፤ ችሎታ እንዳላት የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አልተገኘም ብቻ ነው። ስለዚህ ከፍ ያለ ፒ-ቫልዩ ያገኘ ተመራማሪ ልዩነት የለም ብሎ መጻፍ አይገባውም፤ ይህ ሙከራ አልቦ መላምቱን ለመጣል የሚያበቃ ማስረጃ አላስገኘም ማለት ነው የሚገባው። ፒ-ቫልዩም አልቦ መላምቱ እውነት የመሆን ፕሮባቢሊቲ አይደለም። መላምቱ እውነት ነው ተብሎ ሲታሰብ የተገኘውን ያህል ወይም ከዚያ የራቀ ውጤት የማየት ፕሮባቢሊቲ ነው።

ሁለት መዝገበ ቃላት በአንድ ገጽ

በ1933 ፒርሰን ጡረታ ሲወጣ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የነበረው ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ፊሸር የጋልተን ፕሮፌሰርነቱን ያዘ፤ ስታቲስቲክሱ ለፒርሰን ልጅ ለኤጎን ፒርሰን ተሰጠ። ኤጎን ፒርሰን ከፖላንዳዊው ጄርዚ ኔይማን ጋር ሌላ የፈተና ንድፈ ሐሳብ አበጅቶ ነበር። ንድፈ ሐሳቡ አማራጭ መላምት፣ የመጀመሪያና የሁለተኛ ዓይነት ስሕተት፣ የፈተና ኃይል የሚሉ የራሱን ቃላት አመጣ። በእነርሱ ሥርዓት መላምትን መቀበል የውሳኔ ስም ነው፤ በረጅም ጊዜ የስሕተትን ብዛት የሚወስን ደንብ መከተል ማለት ነው። ፊሸር ይህን አጥብቆ ተቃወመ። የፋብሪካ ዕቃ ለሚቀበልና ለሚመልስ ተቆጣጣሪ የሚሆን ቋንቋ፣ ማስረጃ ለሚመዝን ሳይንቲስት አይሆንም ሲል ተከራከረ።

የኋለኞቹ የመማሪያ መጻሕፍት ሁለቱን ቋንቋዎች ቀላቀሉ። ዛሬ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ፒ-ቫልዩ ከፊሸር፣ አማራጭ መላምትና የፈተና ኃይል ከኔይማንና ከፒርሰን ተወስደው ጎን ለጎን ይገኛሉ። ሁለቱን መጠቀም ክልክል አይደለም፤ ጸሐፊው የሚናገረው ስለ ማስረጃ ክብደት ወይስ ስለ ውሳኔ ደንብ መሆኑን ካለየ ግን የመደምደሚያው ዐረፍተ ነገር ስለ ምን እንደሚናገር አይታወቅም።

ፊሸር ራሱም በቃል የተሰናከለበት ጊዜ አለ። በ1930 ፊዱሺያል ፕሮባቢሊቲ የተባለ ሐሳብ አቀረበ። ያለ ቀዳሚ ዕድል፣ ከመረጃው ብቻ ተነሥቶ ስለ ፓራሜትሩ የፕሮባቢሊቲ ቃል ለመናገር የሚደረግ ሙከራ ነበር። ላይክሊሁድ ፕሮባቢሊቲ አይደለም ብሎ ድንበር ያቆመው ሰው ድንበሩን በሌላ በር ለመሻገር ሞከረ። ሐሳቡን እስከ መጨረሻው ቢከላከልም አብዛኞቹ የሙያው ሰዎች አልተቀበሉትም። ቦታውን የያዘው ኔይማን ያበጀው የመተማመኛ ክልል ነው። በእርሱም ላይ ስሕተቱ ይደገማል። ፓራሜትሩ በዚህ የተሰላ ክልል ውስጥ የመገኘት ዕድሉ 95 በመቶ ነው ተብሎ ይጻፋል። 95 በመቶው ግን የዘዴው ባሕርይ ነው፤ ናሙናው በተደጋገመ ቁጥር ከሚሰሉት ክልሎች 95 በመቶዎቹ እውነተኛውን ዋጋ ይይዛሉ ማለት ነው።

የኋለኛው ዘመን

ፊሸር በ1943 በካምብሪጅ የጄኔቲክስ ፕሮፌሰር ሆነ። በዚያው ዓመት የበኩር ልጁ ጆርጅ በጦር አውሮፕላን አብራሪነት ሲያገለግል ሞተ። በ1952 የሰር ማዕረግ ተሰጠው። ቤይዥያን የተባለውን ቅጽል በ1950 በጽሑፍ ከተጠቀሙበት ቀደምት ሰዎች አንዱ እርሱ መሆኑ ይጠቀሳል፤ የሚቃወመውን ወገን ስም ካወጡት መካከል ነበር ማለት ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ክርክሩ ስለ ትምባሆ ነበር። ማጨስና የሳንባ ካንሰር በብዙ ጥናቶች ተዛምደው ሲገኙ፣ ፒፓ ያጨስ የነበረው ፊሸር ተዛምዶ መንስኤነትን አያረጋግጥም፤ ሁለቱንም የሚያስከትል የዘር ምክንያት ሊኖር ይችላል ሲል ተሟገተ። የትምባሆ አምራቾች አማካሪም ነበር። የቃል ልየታው ትክክል ነው፤ ድምዳሜው ግን ስሕተት ነበር። ሌላኛው የማይታለፍ ጉዳይ የዘር ማሻሻያ አስተሳሰብን ከተማሪነቱ ጀምሮ መደገፉ ነው። በ1930 ያሳተመው የተፈጥሮ ምርጫ መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፎች ለዚሁ የተሰጡ ናቸው። በዚህ ምክንያት በ2020 የተማረበት ኮሌጅ ለመታሰቢያው የተሠራውን የመስታወት መስኮት አነሣ።

ፊሸር በ1959 ወደ አውስትራሊያ ሄዶ በአደሌይድ ተቀመጠ። እዚያው ሐምሌ 29 ቀን 1962 በ72 ዓመቱ ዐረፈ።

መደምደሚያ

የፊሸር ሕይወት ስለ ሙያ ቃል ሦስት ነገሮችን ያሳያል። አንደኛ፣ ልቅ ቃል የሚያስከፍለው ዋጋ ቃሉ በተጻፈበት ቀን አይታይም፤ የ1912ቱ ሐረግ ጉዳት የታየው በ1917 ነው። ሁለተኛ፣ ጥሩ ስያሜ ለጌጥ አይወጣም፤ ቫሪያንስ የተሰየመው ስለሚደመር፣ ስታቲስቲክ የተሰየመው ከፓራሜትር መለየት ስላለበት ነው። ሦስተኛ፣ የቃል ትክክለኛነት ብቻውን የፍርድን ትክክለኛነት አያስገኝም፤ የትምባሆው ክርክር ምስክር ነው።

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የድኅረ ምረቃ ጥናቶች በአብዛኛው የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። የተማሪው ሐሳብ ግን ብዙ ጊዜ በሌላ ቋንቋ ይብላላል። በዚህ ጉዞ መካከል ላይክሊሁድ ወደ ዕድል፣ ሲግኒፊካንት ወደ ጉልህ ተለውጦ ይመለሳል፤ ልዩነቱም ይጠፋል። የፊሸር የ1922 ጽሑፍ የተከተለው መንገድ ለዚህ ያገለግላል። ጸሐፊው ቃሉን ከመጠቀሙ በፊት ፍቺውን ያስቀምጣል፤ ለአንድ ነገር አንድ ስም ሰጥቶ እስከ መጨረሻው ያንኑ ይይዛል፤ ለሁለት የተለያዩ ነገሮችም አንድ ስም አይሰጥም። በድርሰት ተመሳሳይ ቃላትን ማፈራረቅ ውበት ሊሆን ይችላል፤ በስታቲስቲካዊ ሞዴል ገለጻ ግን አንባቢው አዲስ ቃል ባየ ቁጥር አዲስ ነገር የተነገረ መስሎት ይሳሳታል።